አሸንፎ ያልከፈለ ገዢ ሻጩን ያከስራል፦ እውነት ወይስ ተረት?

በኢቤይ ዕቃ የሚሸጥ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለዎት ይህን ወሬ ሳይሰሙ አይቀሩም። «ጨረታው በጥሩ ዋጋ ተዘጋ፤ አሸናፊው ግን ጠፋ። አልከፈለም፣ ለመልእክቴም መልስ አልሰጠም። ዕቃው እጄ ላይ ቀረ፣ ኮሚሽን ተቆረጠብኝ፣ ማድረግ የምችለው ነገርም የለም።» ሰሚው ራሱን ይነቀንቅና «ድሮስ የኦንላይን ጨረታ የሌባ መጫወቻ አይደል?» ብሎ ይፈርዳል። ንዴቱ ይገባኛል፤ የተለፋበት ሽያጭ ሲከሽፍ ማንንም ያናድዳል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ስለማይከፍሉ ገዢዎች የሚነገረው አብዛኛው ነገር በሌላ ገበያ ወይም በሌላ ዘመን እውነት የነበረ ነው። ገበያውም ዘመኑም ሲለወጥ ወሬው እንደነበረ ቀረ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ የሚባለው «ጨረታ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡ ተይዟል» ነው። አገር ቤት ጨረታ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሲሸጥ ተጫራቹ አስቀድሞ ሲፒኦ ያስይዛል፤ ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ። አሸንፎ ቀሪውን በተሰጠው ቀን ካላስገባ ያስያዘው ይቀርበታል። የቻይና ፍርድ ቤቶችም ንብረት በኢንተርኔት ሲያጫርቱ ከመነሻ ዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያስይዛሉ፤ አሸንፎ ላፈገፈገ ሰው ይህ ገንዘብ አይመለስለትም። ማንም ተራ ሰው ካሜራውን ወይም ሰዓቱን በሚሸጥበት በኢቤይ ግን እንዲህ ያለ ማስያዣ የለም። ተጫራቹ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት የባንክ ካርዱን እንዲያስመዘግብ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ ይሁንና ካርድ ማስመዝገብ ገንዘብ ማስያዝ አይደለም። ካርዱ ባዶ ከሆነ ወይም ባንኩ ከከለከለ ክፍያው አያልፍም። ስለዚህ ጨረታው ተዘጋ ማለት ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም። ክፍያው በራስዎ የሻጭ ገጽ ላይ ገብቶ ሳያዩ ዕቃ አይላኩ።

ሁለተኛው «ያልከፈለ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለው ነው። ሌባ የሰው ንብረት ይወስዳል፤ ያልከፈለ ገዢ ግን ምንም አልወሰደም፣ ዕቃው እርስዎ ቤት ነው። ከዝምታው ጀርባ ያለው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። አንዱ ተመሳሳይ ዕቃ ላይ ሁለት ቦታ ተጫርቶ ሁለቱንም አሸንፏል። ሌላው 25 ዶላር ሊል አንዲት ዜሮ ጨምሮ 250 ጽፏል። የአንዷ ካርድ አልሠራ ብሏታል። ሌላዋ ከእርስዎ ሦስት ዕቃ ገዝታ የሦስቱን መላኪያ በአንድ ሒሳብ ጠቅልለው እንዲልኩላት እየጠበቀች ነው፤ እርስዎ እሷን፣ እሷም እርስዎን ስትጠባበቁ ቀኑ ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ በክፋት ወይም ለጨዋታ የሚጫረትም አለ። በመጀመሪያው ቀን ግን የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክትዎ አጭርና ጨዋ ይሁን፦ ጠቅላላ ሒሳቡ ይህ ነው፣ የመክፈያው መጨረሻ ቀን ይህ ነው፣ ችግር ከገጠመዎት ይንገሩኝ። ተረቱ ሥር የሰደደው ዝም ያለ ሰው ራሱን ስለማያስረዳ ነው፤ ዝምታውን እኛው በምንፈራው ነገር እንሞላዋለን።

ሊፈሩት የሚገባዎት ሌባ ደግሞ ዝም የሚለው አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ያወራል። «ከፍያለሁ» የሚል ሐሰተኛ ኢሜይል ይልካል። ከዋጋው በላይ የተጻፈ ቼክ ይሰጥዎትና ትርፉን እንዲመልሱለት ይጠይቃል። ያጣድፍዎታል፣ ከድረ ገጹ ውጪ እንነጋገር ይላል። የማይከፍለውንና በሐሰት የሚከፍለውን በአንድ ስም የመጥራት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በመጀመሪያው ሲናደድ ሁለተኛውን እንደ ጥሩ ገዢ በደስታ ይቀበላል።

ሦስተኛው እንደ ምክር የሚነገር ነው፦ «ታገሥ፣ ሰውየው ይከፍላል።» ይህ የፖስታ ዘመን ምክር ነው። ፒየር ኦሚድያር ኢቤይን እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምር ብዙው ገዢ ቼክ ወይም መኒ ኦርደር በፖስታ ይልክ ነበር። ሻጩ ፖስታው እስኪደርስ፣ ከዚያም ቼኩ በባንክ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ የሁለት ሳምንት ዝምታ ማንንም አያስደነግጥም። ኢቤይ በ2002 የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅቱን ፔይፓልን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ያ ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። ዛሬ ክፍያ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በኢቤይ ደንብ ገዢው ለመክፈል 4 ቀን አለው። ካልከፈለ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ሻጩ «ገዢው አልከፈለም» የሚለውን ምክንያት መርጦ ሽያጩን መሰረዝ ይችላል፤ ይህን የሚያደርግበት ጊዜ ግን 30 ቀን አካባቢ ሲሆን ያበቃል። ከፈለገም ስረዛው በራሱ እንዲፈጸም አስቀድሞ ማዘዝ ይችላል። ትዕግሥት መልካም ነው፤ ልክ ያለው ትዕግሥት ደግሞ ይበልጣል። ገዢው ቀን እንዲጨመርለት ከጠየቀና ምክንያቱ ካሳመነዎት ይጨምሩለት። ምንም ያላለዎትን ሰው ግን ከ4 ቀን በላይ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም።

«ኮሚሽኑስ?» ይሉኛል። «ባይከፈለኝም ድርሻቸውን ይወስዳሉ» የሚለው ወሬም መነሻ አለው። ቀደም ሲል ኮሚሽኑ የሚታሰበው ጨረታው ሲዘጋ ነበር፤ ሻጩ መልሶ ለማግኘት በተወሰነ ቀን ውስጥ አቤቱታ መክፈት ነበረበት። ቀኑን ያሳለፈ እውነትም ገንዘቡን አጥቷል፣ ያጣም ሰው ለብዙዎች ይነግራል። አሁን ሽያጩ ባለመከፈሉ ምክንያት ሲሰረዝ ለዚያ ሽያጭ ኮሚሽን አይከፍሉም። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ቁም ነገሩ የሚመርጡት ምክንያት ነው። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው «ዕቃው የለኝም» የሚለውን ቢመርጡ ጥፋቱ በእርስዎ የሻጭነት መዝገብ ላይ ይጻፋል። «ገዢው እንዲሰረዝ ጠየቀ» ቢሉ ደግሞ በገዢው ላይ ምንም አይመዘገብም፤ ነገ ሌላውን ሻጭ እንዲሁ ያደርጋል። እውነቱን ከመረጡ ያልተከፈለው ግዢ በእሱ ስም ይመዘገባል፣ በዚያ ሽያጭም እርስዎን በመጥፎ አስተያየት ሊጎዳዎት አይችልም። ይህ የሚደጋገምበት ገዢ የመግዛት መብቱ ሊገደብ ይችላል።

«መጥፎ አስተያየት ጽፌ አዋርደዋለሁ» የሚሉም አሉ። ይህም አንድ ጊዜ ይሠራ ነበር። ኢቤይ ገዢና ሻጭ እርስ በርስ የሚመዛዘኑበትን ሥርዓት በ1996 ሲዘረጋ ሁለቱም ወገን መጥፎ ነጥብ መስጠት ይችል ነበር። ውሎ አድሮ አንዳንድ ሻጮች ቅሬታ ያቀረበባቸውን ገዢ በአጸፋ ነጥብ መቅጣት ጀመሩ፤ ገዢውም ይህን ፈርቶ እውነቱን መናገር ተወ። ኢቤይ በ2008 ደንቡን ለወጠና ሻጭ ለገዢ ከመልካም ሌላ ነጥብ እንዳይሰጥ አደረገ። ብዙ ሻጮች አጥብቀው ተቃወሙ፤ መሣሪያችንን ነጠቃችሁን አሉ። ተረቱ እስካሁን የሚኖረው ያ ቅሬታ ስላልበረደ ይመስለኛል። አሁን መሣሪያዎ ያው የስረዛ ምዝገባ ነው። መልካም ነጥብ ሰጥቶ ከሥሩ ስድብ መጻፍ ግን ደንብ መጣስ ነው፤ የሚያነቡት ቀጣይ ደንበኞችዎም ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ እርስዎ ጠባይ ነው የሚማሩት።

በሕግ በኩል ሁለት ተረቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ «በኮምፒውተር የተጫነ ቁልፍ ውል አይሆንም» ይላል። ስሕተት ነው። በጀርመን አንድ ሻጭ አዲስ ቮልስዋገን ፓሳት በኢንተርኔት አጫርቶ ከፍተኛው ዋጋ 26,350 ማርክ ላይ ሲቆም አነሰኝ ብሎ አፈገፈገ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት በ2001 ውሉ የጸና ነው አለ። በአውስትራሊያም በ2007 የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኢቤይ በ150,000 የአውስትራሊያ ዶላር የተሸጠ አሮጌ አውሮፕላን ለገዢው እንዲሰጥ አዘዘ። በሁለቱም ሊያመልጥ የሞከረው ሻጩ ነበር፤ ውል ግን የሚያስረው ሁለቱንም ወገን ነው። በአሜሪካ የንግድ ሕግም ሻጩ ዕቃውን በአግባቡ ለሌላ ሸጦ ዋጋው ካነሰበት ልዩነቱን ካልከፈለው ገዢ መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ተረት «እንግዲያውስ እከሰዋለሁ» የሚለው ነው። መብቱ አለዎት፤ ነገር ግን ሌላ ግዛት ያለን ሰው አድራሻ አፈላልጎ፣ ማመልከቻ ጽፎና የዳኝነት ከፍሎ የ60 ዶላር ጫማ ልዩነት ማስመለስ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል። ክስ የሚታሰበው ገንዘቡ ከባድ ሲሆን ነው። ደግሞም የኢቤይ ደንብ ራሱ ቤትና መሬትን፣ በአሜሪካ ደግሞ መኪናን፣ አሸናፊው ለመክፈል ካለበት ግዴታ ያወጣቸዋል፤ በእነዚህ ላይ የተሰጠ ዋጋ የመግዛት ፍላጎትን ከማሳወቅ አያልፍም።

«አንደኛው ካልከፈለ ሁለተኛው ይወስደዋል» የሚለው ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የመጣ ነው፤ እዚያ አሸናፊው ሲቀር ሁለተኛ የወጣው ይጠራል። በኢቤይም ከሁለተኛው ጀምሮ ለተሸነፉ ተጫራቾች ዕቃውን ራሳቸው በሰጡት ከፍተኛ ዋጋ ማቅረብ ይቻላል፤ ለዚህም ጨረታው ከተዘጋ በኋላ እስከ 60 ቀን ጊዜ አለ። መቀበል ግን ግዴታቸው አይደለም። የማይቀበሉበትን ምክንያት ከእነሱ ወገን ሆነው ይዩት። ሦስተኛው 70 ዶላር፣ ሁለተኛው እስከ 95 ዶላር፣ ያልከፈለው ደግሞ ከዚያ በላይ ሰጡ እንበል። የኢቤይ ጨረታ አሸናፊውን የሚያስከፍለው ከእሱ በታች ካለው ጥቂት ከፍ አድርጎ ነው። ያልከፈለው ሰው ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ዕቃውን በ70 ዶላር አካባቢ ይወስደው ነበር፤ አሁን ግን የሚጠየቀው 95 ነው። ሻጩ በራሱ ሰው ዋጋ አስንሮብኝ ይሆን ብሎ ቢጠራጠርም አይደንቅም። ስለዚህ ቅር ሳይሰኙ ያቅርቡለት፤ እምቢ ካለ ዕቃውን እንደገና ያጫርቱ።

የመጨረሻው «ጥንቃቄ ማለት አዲስ ሰው አለመቀበል ነው» የሚለው ነው። አዲስ ገዢ ሁሉ ቀጣፊ አይደለም፤ ሁሉም ነባር ገዢ አንድ ቀን አዲስ ነበር። የሚሻለው ጥንቃቄ በሰው ማንነት ሳይሆን በሥራው ላይ የቆመ ነው። ባለፉት 12 ወራት ሁለትና ከዚያ በላይ ያልተከፈለ ግዢ የተመዘገበበት ሰው እንዳይጫረትብዎ ማገድ ይችላሉ። የመላኪያ ዋጋውን ከመጀመሪያው በግልጽ ይጻፉ። ክፍያው መዘግየት የማይችል ዕቃ ካለዎት በቁርጥ ዋጋ አውጥተው ወዲያውኑ እንዲከፈል ያድርጉ፤ ያኔ ሳይከፈል ሽያጭ ተፈጸመ አይባልም።

«አከሰረኝ» የሚለው ወሬ የማይጠፋው ሰው የሚያወራው በተናደደበት ቀን ስለሆነ ነው። ሽያጩን ሰርዞ፣ ዕቃውን ድጋሚ አጫርቶ፣ ገንዘቡን ያገኘ ሰው ለማውራት ስልክ አያነሳም። ያልከፈለ ገዢ ጥቂት ቀናትዎን ይወስዳል፣ ይህ እውነት ነው። ዕቃዎ ግን እጅዎ ላይ ነው፣ ኮሚሽን አልከፈሉም፣ ሰውየውም ተመዝግቧል። ኪሳራ የሚመጣው ቀኑን ባለመቁጠር፣ ምክንያቱን አሳስቶ በመምረጥና ገንዘቡን ሳያዩ ዕቃ በመላክ ነው፤ ሦስቱም በእርስዎ እጅ ያሉ ናቸው። ከእንግዲህ አንድ ወዳጅዎ ገዢ አከሰረኝ ብሎ ሲያማርርልዎት በመጀመሪያ «ስንተኛ ቀንህ ነው?» ብለው ይጠይቁት።