የተሸረፈ የዚርኮኒያ ጥርስ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥሙ ጠጠር ነከሱ እንበል። የተሸረፈው ግን የገዛ ጥርስዎ ሳይሆን ብዙ ገንዘብ አውጥተው ያሠሩት የዚርኮኒያ ክራውን (ጥርስን የሚሸፍን ቆብ) ነው። ሕመም የለውም፤ ምላስ ግን ሻካራው ጠርዝ ላይ እየሄደ ያርፋል። ይቀየር ከተባለ አሮጌውን ቆርጦ ማንሳት፣ እንደገና ልክ መውሰድና ላቦራቶሪ ልኮ መጠበቅ ይመጣል። ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። እዚያው አፍ ውስጥ፣ በአንድ ቀጠሮ፣ ለጥርስ ሙሌት በሚያገለግለው ኮምፖዚት መጠገን አይቻልም?

ይቻላል። ችግሩ ዚርኮኒያ በቀላሉ ምንም የማይጣበቅበት ነገር መሆኑ ነው።

ዚርኮኒያ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው። ስንጥቅ ሲጀምረው በስንጥቁ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ቅርጻቸውን ቀይረው በመጠን 4 በመቶ ያህል ያብጣሉ፤ ስንጥቁንም ጨምቀው ይይዙታል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። በላዩ የሚለበጠው ፖርሴሊን ግን ደካማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሸረፈው እሱ ነው። ፖርሴሊን ውስጥ መስታወት አለ፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስታወቱን በልቶ ያሻክረዋል፣ ሲሌን የሚባለው ፈሳሽ ደግሞ ከኮምፖዚቱ ጋር ያያይዘዋል። ሽራፊው ዘልቆ ዚርኮኒያው ከወጣ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ መስታወት ስለሌለው አሲዱ የሚበላው ነገር አያገኝም።

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። ኩራሬ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፓናቪያ የተሰኘውን ሙጫ ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ያለው ኤምዲፒ የተባለ ኬሚካል አንዱ ጫፉ ፎስፌት ነው፤ ብረትንና ዚርኮኒያን የሚይዘው በዚህ ነው። ሌላው ጫፉ ከኮምፖዚቱ ጋር ይዋሐዳል። ቀድሞ ግን ዚርኮኒያው 50 ማይክሮን በሚያህል የአሉሚና ዱቄት በአየር ግፊት ተመትቶ መሻከር አለበት።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በምራቅ ነው። ምራቅም ፎስፌት አለው፤ ዚርኮኒያውን ከነካ ኤምዲፒ ሊይዘው የሚገባውን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሐኪም ለተፈጥሮ ጥርስ የለመደውን ፎስፎሪክ አሲድ ለማጽጃ ቢቀባበት ደግሞ ያባብሰዋል፤ እሱም ፎስፌት ነውና። ስለዚህ ጥርሱ በጎማ ከምራቅ ይከለላል፤ ዱቄቱ ይረጫል፤ ኤምዲፒ ያለው ፕራይመር ይቀባል፤ ኮምፖዚቱም ከ2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እየተደረገ በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል። የአሉሚና መርጫው የሐኪሙ ወንበር የአየር መስመር ላይ የሚገጠም፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በእኔ እምነት የሆሳዕና፣ የዱራሜና የሾኔ የጥርስ ክሊኒኮች ክራውን የሚሠሩ ከሆነ ይህ መሣሪያ ሊጎድላቸው አይገባም።

ጥገናው ዘላለማዊ አይደለም። ውሃ ከጊዜ ጋር ማጣበቂያውን ያላላል፤ ቡናም የኮምፖዚቱን ቀለም ይለውጣል። ክራውኑ ራሱ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም ከሥሩ ያለው ጥርስ ከበሰበሰ መቀየር ግድ ነው። ለትንሽ ሽራፊ ግን ጤነኛ ክራውን ቆርጦ መጣል ብክነት ነው።

ደቡብ አፍሪካም ሆነ ዓረብ አገር ሆነው ጥርስ ያሠሩ ዘመዶች ካሉዎት፣ ክራውኑ ከምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ወረቀት እንዲያስቀምጡ ይንገሯቸው። የሚጠግነው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።