ዓሣ ቤት ሲለቅ

ዕቃው ተራግፏል፤ አኳሪየሙም በአዲሱ ሳሎን ቦታውን ይዟል። ዓሣዎቹ በሰላም ገብተው ይዋኛሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ባለቤቱ ጥፋቱን በመንገዱ ላይ ይጥላል፤ መኪናው አንገጫገጫቸው፣ ብርድ መታቸው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የገደላቸው ጽዳቱ ነው። ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን አጥቦና ወልውሎ መግባት ይወዳል። የአኳሪየሙን ጠጠር በቧንቧ ውኃ ያሻል፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ጥርት እስኪል ይጨምቃል። ዓሣዎቹን በሕይወት ሲያቆያቸው የነበረው ነገር ያን ጊዜ ከእጣቢው ጋር ይፈሳል።

ዓሣ ያለማቋረጥ አሞኒያ ያስወጣል፤ አብዛኛውንም የሚያስወጣው በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢሆን አሞኒያው በሰፊው ውኃ ተበርዞ ይጠፋል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ይጠራቀምና ዓሣውን መልሶ ይመርዘዋል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርጉት ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይትም ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ይገድላል። ናይትሬት ግን እስካልበዛ ድረስ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ውኃ ሲቀየር ይወገዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውኃው ውስጥ የሚገኙት በጥቂቱ ነው። አብዛኞቹ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ስፖንጁ ውስጥ ተጣብቀው ይኖራሉ። ስፖንጁን ሲጨምቁት የሚወርደው ቡናማ ዝቃጭ ለዓይን ቆሻሻ ይመስላል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን አብረውት ይወርዳሉ። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አጥቦ የገባ ሰው እንግዲህ ዓሣዎቹን ሁሉ ምንም ባልተዘጋጀ አኳሪየም ውስጥ ከቷቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ በጉዞው ቀን ለስፖንጁ ከዓሣው እኩል መጠንቀቅ ይገባል። ከፊልተሩ ይወጣና ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ግጥም ተደርጎ አይዘጋም፤ ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይፈልጋሉና። ጉዞው ረጅም ከሆነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢገባለት መልካም ነው። ጠጠሩም መለቅለቅ ካለበት በዚያው በአሮጌው ውኃ ብቻ ይለቅለቅ። የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪኑ እነዚህንም ባክቴሪያዎች አይምርም፣ የዓሣውንም ስንጥብ ያቃጥላል። አፉን በከፈተ ባልዲ ተቀድቶ፣ አየር እየተነፋበት ያደረ ውኃ ክሎሪኑን ይለቃል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ግን በዚህ ዘዴ አይተማመኑ። ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በብዛት የሚጠቀመው ክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን በአንድ ሌሊት ተንኖ አይጠፋም። ለዚያ የዓሣ ዕቃ መሸጫዎች የሚሸጡት ማርከሻ ያስፈልጋል። የትም ይሁን የት፣ ከአሮጌው ውኃ የቻሉትን ያህል በጀሪካን ይዞ መሄድ ለዓሣዎቹ ትልቅ ውለታ ነው፤ የለመዱትን ውኃ ያገኛሉ።

እኛ መንገደኛን ስንቅ አስይዘን እንሸኛለን። ለዓሣ የሚበጀው ግን ባዶ ሆድ ነው። ከጉዞው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ምግብ ይቋረጥ፤ ጤነኛና ያደገ ዓሣ በዚህ አይጎዳም፣ በመንገድ ላይ የሚያስወጣው ቆሻሻ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ሲይዟቸውም ሙሉ ውኃ ውስጥ በመረብ ማባረር ገና ከቤት ሳይወጡ ያደክማቸዋል። መጀመሪያ ድንጋዩና ተክሉ ይውጣ፣ ውኃው ስንዝር ያህል እስኪቀር ይቀዳ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጥግ መምራት ነው። የአምባዛ ዘመዶች ክንፋቸው ላይ ሹል እሾህ ስላላቸው መረብ ውስጥ ይጠላለፋሉ፣ ሌሎቹ ዓሣዎች የሚጓዙበትን ፌስታልም ይበሳሉ። እነሱን በጎድጓዳ ሳህን ቀድቶ ክዳን ባለው ባልዲ ማጓጓዝ ይሻላል።

ፌስታሉ ላይ የሚሠራው ስህተት ከርኅራኄ ይመጣል። ዓሣው እንዲመቸው ተብሎ በውኃ ጢም ተደርጎ ይሞላና ይታሰራል። መሆን ያለበት ግን አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ነው። አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከሚሟሟው ሠላሳ እጥፍ ያህል ነው፤ ዓሣው መንገዱን የሚዘልቀው ከላይ ካለው አየር ወደ ውኃው በሚገባው ኦክስጅን ነው። ፌስታሉን በጎኑ ቢያስተኙት ውኃውና አየሩ የሚገናኙበት ገጽ ይሰፋል። ሁለት ፌስታል ደርቦ፣ የታችኛውን ማዕዘን በላስቲክ ማሰር ትንንሾቹ ጥግ ገብተው እንዳይጨፈለቁ ይረዳል። ከዚያ ጨለማ፤ ክዳን ያለው የስታይሮፎም ሣጥን ብርሃኑንም የሙቀቱን መዋዠቅም ይከለክላል፣ ዓሣውም ይረጋጋል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል የቆሮሶ ጫጩት ለኩሬና ለግድብ ያከፋፍላል። የዓሣ ጫጩት በማጓጓዝ ሥራ የተለመደው አሠራርም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ባዶ ሆድ፣ ጥቂት ውኃ፣ ብዙ ኦክስጅን።

ከፍታን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟውም ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከተማ ሩብ ያህል ያንሳል። በውጭ መጻሕፍት ለአንድ ፌስታል የተቀመጠውን የዓሣ ቁጥር እዚህ መቀነስ ያስፈልጋል። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድሬዳዋ ላይ የታሰረ አየር እዚህ ሲደርስ በመጠኑ 15 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ እዚያ እንደ ከበሮ የተወጠረ ፌስታል ዳገቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ትንሽ ላላ አድርጎ ማሰር ነው።

ሲደርሱ የሚደረገው በጉዞው ርዝመት ይወሰናል። ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ የተደረገ የአንድና የሁለት ሰዓት ጉዞ ከሆነ፣ ፌስታሉን አዲሱ ውኃ ላይ ሩብ ሰዓት አንሳፎ ሙቀቱን ማቀራረብ፣ ከዚያ ከአኳሪየሙ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማላመድ ይበቃል። ሙሉ ቀን ተዘግቶ የዋለ ፌስታል ግን እንዲህ አይያዝም። ዓሣው ሲተነፍስ ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው፣ የተጠራቀመው አሞኒያ በአብዛኛው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ተይዞ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ እንደታሰረ አንሳፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከከፈቱ በኋላ ግን ሳይዘገዩ ዓሣውን በመረብ ማሻገርና የፌስታሉን ውኃ መድፋት ነው። ይህ የሚሠራው ከአሮጌው ውኃ ይዘው የመጡ እንደሆነ፣ ወይም የሁለቱ ቤት ውኃ ተቀራራቢ ሲሆን ነው።

አኳሪየሙ ራሱ ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚነሣው። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፤ ውኃ ወይም ጠጠር እንዳለበት ቢያነሡት ሲሊኮኑ ይላቀቃል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ማስቀመጫውም ጠፍጣፋና ውኃ ልክ ይሁን።

የመጀመሪያው ቀን መብራቱ ጠፍቶ ይዋል፣ ፊልተሩ ግን ወዲያው መሥራት ይጀምር። ምግብ ከማግሥቱ ጀምሮ በጥቂቱ ይሰጥ። ስፖንጁ በጥንቃቄ ቢመጣም ከባክቴሪያዎቹ የተወሰኑት መሞታቸው አይቀርምና፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ወረቀት ይታዩ፤ ካሉ ከውኃው ሩቡን መቀየር ነው። መለኪያ ያላገኘ ሰው ዓሣዎቹ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ስንጥባቸው ሲቀላ ካየ ሳያመነታ ይቀይር። ለአዲሱ ቤት ድምቀት ብሎ አዲስ ዓሣ መግዛት ግን ሁለቱም ልኬቶች ለተከታታይ ሳምንታት ዜሮ እስኪያሳዩ ይቆይ።