ለአንድ ብርሃናዊ የካንሰር ምርመራ ስያሜ ስለ መምረጥ

በእንግሊዝኛ «ሌብል-ፍሪ» የሚባሉት ብርሃናዊ የካንሰር መመርመሪያ ዘዴዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚው በመጀመሪያ የሚያገኘው አቻ «ምልክት አልባ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲመዘን እንከን የለበትም። ሆኖም በሕክምና አማርኛ «ምልክት» የበሽታ መገለጫ ማለት ነው። ከየጁቤ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ለሕክምና የመጣች እናት ናሙናዋ ለምርምር እንዲውል በምትፈርምበት ቅጽ ላይ «ምልክት አልባ የካንሰር ምርመራ» የሚል ብታነብ፣ ምልክት ሳያሳይ ስለሚያድግ ካንሰር የተነገረ ሊመስላት ይችላል። እንዲህ ከሆነ የፈረመችው ላልተረዳችው ነገር ነው።

ስለ ስያሜው ከመወሰናችን በፊት ጽንሰ ሐሳቡን እንመልከት። በተለመደው አሠራር ከሕመምተኛ የተወሰደው ኅብረ ሕዋስ በፎርማሊን እንዳይበላሽ ይደረጋል፤ ቀጥሎም በፓራፊን ተይዞ እጅግ በስሱ ይቆረጣል። ስሱ ቁራጭ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዝርዝሩ ጎልቶ አይለይም። በመሆኑም ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ፣ ኢኦሲን ደግሞ የቀረውን ሮዝ እንዲያደርገው ይቀለማል። «ሌብል» የሚባለው እንዲህ ያለው ቀለም፣ ወይም ከአንድ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ የሚያበራ ንጥረ ነገር ነው።

በአዲሶቹ ዘዴዎች ግን ከውጭ የሚጨመር የለም፤ መረጃው የሚገኘው ኅብረ ሕዋሱ ራሱ ለብርሃን ከሚሰጠው ምላሽ ነው። ህንዳዊው ቻንድራሴካራ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳየው፣ ሞለኪውሎች ከሚበትኑት ብርሃን ጥቂቱ እንደ ንዝረታቸው የሞገድ ርዝመቱን ይለውጣል። አንዳንድ የሕዋስ ሞለኪውሎችም ብርሃን ሲያርፍባቸው በራሳቸው ያበራሉ። ካንሰር የሕዋሱን ኬሚካዊ ይዘት ስለሚለውጥ ይህም ምላሽ አብሮ ይለወጣል። የዘዴዎቹ ትክክለኛነት የሚፈተሸው የፓቶሎጂ ሐኪም በቀለም ከሚያነበው ውጤት ጋር በማነጻጸር ነው።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ «ቀለም አልባ» የሚለው ናሙናው ራሱ ቀለም የሌለው ያስመስላል። «ያለ መለያ» ደግሞ ስምና ቁጥር ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ያሳስባል፤ ይህም በላቦራቶሪ ከባድ ስሕተት ነው። የዚህ ዓይነት መደበላለቅ አዲስ አይደለም። «ነቀርሳ» ለካንሰር ያገለግላል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን በልማድ ቲቢ በመሆኑ የሳንባውን ካንሰር በባዕዱ ቃል ለመጥራት ተገደናል።

ስለዚህ ለሙያ ጽሑፍ «ጠቋሚ ሳይጨመር የሚደረግ ብርሃናዊ ምርመራ» የሚለውን እንመርጣለን። «ጠቋሚ» ማቅለሚያውንም አብሪውንም ያጠቃልላል። ረዝሟል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአጭሮቹ አንዱም ከአሻሚነት አልዳነም። ለሕመምተኛ በሚሰጠው ቅጽ ላይ ግን ስያሜው ቀርቶ ፍቺው ይጻፍ፦ «ከአካልዎ የተወሰደው ናሙና ቀለምም ሆነ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት በብርሃን ብቻ ይመረመራል።»