አካል የማይለምደው ድካም

የሌሊት ተረኛ ነርሶችን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን ወይም ረጅም መንገድ የሚነዱ ሾፌሮችን «አይደክማችሁም?» ብለን ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ለምደነዋል» የሚል ነው። ዋሽተው አይደለም፤ እውነትም የለመዱት ይመስላቸዋል። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ግን ይህ ስሜት ራሱ ከድካሙ የሚመጣ መሆኑን ደርሰውበታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነ ጥናት፣ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤናማ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ለ14 ተከታታይ ሌሊቶች ከፊሎቹን 8፣ ከፊሎቹን 6፣ ሌሎቹን ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ። ንቃታቸውንም በየቀኑ ለኩ። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች ውጤት ዕለት ዕለት እያሽቆለቆለ ሄዶ፣ በመጨረሻ እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ሰው ጋር እኩል ሆነ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን የድብታ ስሜታቸው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ብዙም አልጨመረም ነበር። ችሎታቸው ሲወርድ እነሱ አላወቁም። ድካሙን መመዘን የነበረበት አእምሮ አብሮ ደክሟልና።

ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1997፣ አውስትራሊያ ውስጥ ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ ድካምን ከስካር ጋር አነጻጽረው ነበር። ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመሳሰለ። ማለዳ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እዚህ ደረጃ ይደርሳል። 24 ሰዓት ሳይተኛ ሲቆይ ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ጠጥቶ የመጣ ሾፌር መሪ ሲይዝ ብናይ ከመኪናው እንወርዳለን፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ካደረ ሾፌር ጋር ግን ምንም ሳንል እንሳፈራለን።

ድካሙን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ንቃቱ ራሱ ነው፤ ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ እየበዛ ሲሄድ ዓይን ይከብዳል፣ ሐሳብ ይዘገያል። የሚጠራው ስንተኛ ነው። ቡና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን የሕዋስ መቀበያዎች ቀድሞ ስለሚይዝ ድብታው አይሰማንም። አዴኖሲኑ ግን ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቅ አበዳሪ አለ፤ ካፌይኑ ሲለቅ ሙሉውን ይጠይቃል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሊነጋ ሲል የተጠጣ ሲኒ ተረኛው ቤቱ ገብቶ የሚተኛውን እንቅልፍ ያበላሽበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰውነት ሰዓት ነው። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የሚገኙ 20 ሺህ ገደማ ሕዋሳት፣ በዓይን በኩል የሚደርሳቸውን ብርሃን እየተከተሉ የሙቀታችንን፣ የሆርሞኖቻችንንና የምግብ መፈጨታችንን ሥርዓት ይመራሉ። ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍሬ ዝንብ ላይ የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙቀታችን ይወርዳል፣ ንቃታችንም አብሮ ይወርዳል። ለዓመታት ሌሊት የሠሩ ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ ሰዓታቸው ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም፤ ወደ ቤት ሲመለሱ የምታገኛቸው የጠዋት ፀሐይ ሰዓቱን መልሳ ወደ ቀን ትስበዋለች።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ከባድ ነው። በ2004 በቦስተን በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተደረገ ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች፣ ሰዓታቸው ካጠረላቸው ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ ገደማ የበለጡ ከባድ ስሕተቶችን ፈጽመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ግምት ደግሞ፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሞተዋል።

ረጅም ሰዓት ማሠራት ለአሠሪውስ ትርፍ አለው? ኢኮኖሚስቱ ጆን ፔንካቬል በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ የጥይት ፋብሪካዎች የሠሩ ሴቶችን መዝገብ መርምረው ነበር። በሳምንት 70 ሰዓት ሲሠሩ ያመረቱት፣ 56 ሰዓት ሲሠሩ ካመረቱት ብዙም አይበልጥም።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በተለዩ ምክንያቶች ሲፈቀድ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ሊጨመር ይችላል። ተደምሮ 60 ሰዓት ይሆናል፤ አደጋው ጎልቶ የታየበትን የ55 ሰዓት ወሰን ያልፋል። አዋጁ ደግሞ የሚቆጥረው አንዱን አሠሪ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ታክሲ የሚነዳውን፣ ዋሽንግተን ሁለት ሥራ የያዘውን ማን ይቆጥርለታል? በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችንማ የሥራ መውጫ ሰዓት የሚባል ነገር የላቸውም። እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸውን ያስረዘሙት ደመወዙ ስለማይበቃ ወይም እምቢ ማለት ስለማይችሉ ነው። ስለዚህ «ራስህን ጠብቅ» የሚለው ምክር ብቻውን አይረዳቸውም፤ ወሰኑን ማበጀት ያለባቸው ሕጉና አሠሪው ናቸው።

ፈረቃ የምታወጡ ኃላፊዎች፣ ተረኛውን ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያም ወደ ሌሊት አዙሩት፤ ሰውነት ይህን አቅጣጫ ከተቃራኒው ይልቅ ይችለዋል። በሁለት ፈረቃ መካከል የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደሚያዘው ቢያንስ 11 ሰዓት ዕረፍት ስጡ። በቤታችሁ የሌሊት ተረኛ ያለ እንደሆነም መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዱለት፣ ስልኩን ዝጉለት፣ እንግዳ ቢመጣም አትቀስቅሱት። ቀን መተኛቱ ስንፍና አይደለም፤ ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል።