የሐጅ ተጓዡ ሦስት ወረቀቶች

የሐጅ ምዝገባ ወሬ በተሰማ ቁጥር በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲ፣ በቤጊና በደምቢ ዶሎ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «በየዓመቱ የምንከፍልበት የጤና መድህን ካርድ መካ ላይ ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አባታቸው ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለባቸው ልጆች ይህን ሳያጣሩ ሽማግሌ ባይሸኙ መልካም ነው።

መልሱ አጭር ነው፤ አይሠራም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ የተስፋፋ ሥርዓት ነው። ቤተሰቡ በሚያዋጣው ገንዘብ፣ ውል በገቡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ያሳክማል። ውሉ ግን ከድንበር አይሻገርም። ስለዚህ ካርዱን ቤት ለሚቀሩት ትቶ መሄድ ይሻላል፤ የታመመ ልጅ ሊታከምበት ይችላልና።

ለተጓዡ የሚያስፈልጉት ሌሎች ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንዱ የክትባት ምስክር ወረቀት ሲሆን ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» ይለዋል። ሌላው የጉዞ መድን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ብዙ ሰው አለ። ቢጫው ካርድ የማንንም የሆስፒታል ሂሳብ አይከፍልም፤ መከተባችንን ብቻ ይመሰክራል።

ይህ ምስክርነት ለምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው። በ1979 ዓ.ም (1407 ሂጅራ) ሐጅ ላይ የማጅራት ገትር በሽታ ተነስቶ ነበር። ሐጃጆች ወደየሀገራቸው ሲመለሱ ተሐዋሲው አብሯቸው ተመለሰ። በተከታዩ ዓመት ሱዳንን፣ በ1981 ዓ.ም ደግሞ ሀገራችንን ያጠቃው ወረርሽኝ ከዚያው ዝርያ መሆኑን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። በኢትዮጵያ ብቻ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ሳዑዲ ዓረቢያም ከ1979ኙ ሐጅ በኋላ ክትባቱን ግዴታ አደረገች። በ1992 ዓ.ም ሐጅ ላይ ደግሞ ደብልዩ 135 የተባለ ሌላ ዓይነት ተከሰተ፤ ዛሬ አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት የሚጠየቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ መርፌዋ ለተጓዡ ብቻ ሳትሆን ዘምዘም ለመጠጣት ለሚሰበሰበው ጎረቤትና በጉልበቱ ላይ ለሚቀመጠው የልጅ ልጅም ጭምር ናት።

ሁለተኛው ክትባት የቢጫ ወባ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለምትገኝ ከእኛ የሚሄድ ሁሉ ይጠየቃል። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሳው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከ2008 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ አንድ ጊዜ የተወሰደ የቢጫ ወባ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የማጅራት ገትሩ ግን እንደ ክትባቱ ዓይነት ከ3 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ያልፍበታል።

ለወለጋ ሰው ዋናው ጣጣ ቀኑ ነው። ሁለቱም ክትባቶች ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው መወሰድ አለባቸው። ካርዱን የሚሰጠውም ለዚህ የተፈቀደለት ማዕከል ብቻ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 331 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከቤጊና ከደምቢ ዶሎ ለሚነሳማ ነቀምቴ ራሷ ሩቅ ናት። ባለፉት ዓመታት መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተዘጋም የአካባቢው ሰው ያውቃል። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ አበባ ገብቶ ክትባቱንም አውሮፕላኑንም እደርሳለሁ ማለት አያዋጣም። ሁለቱን መርፌዎች በአንድ ቀን መውሰድ ስለሚቻል አንድ ጉዞ ይበቃል። በካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል እስከ መጨረሻው ይመሳሰል፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፍ፤ ማኅተሙ ይታይ። ሳይከተቡ ካርድ የሚሸጥላቸው ሰዎች የሚገዙት ማታለያ ነው።

ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ አባቶችና እናቶች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ተሐዋሲ ያለበት በመሆኑ፣ በሽምግልና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ከባድ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ከስንት አንድ ነው። ያለባቸውን ሕመም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ወደ መድኑ እንምጣ። የዑምራ ቪዛ ክፍያ የመድን ሽፋንን ይጨምራል፤ ሽፋኑ እስከ 100 ሺህ ሪያል ሲሆን ለድንገተኛ ሕመም፣ ለአደጋ፣ ለሞትና ለበረራ መዘግየት ነው። ከድሮ የተያዘን በሽታ መከታተያ አይደለም። ስለዚህ የስኳርና የደም ብዛት መድኃኒት ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ሆኖ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀት ጋር ይያዝ። ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ እንጂ በዕቃ ክፍል አይጫንም፤ ከቀዘቀዘ ይበላሻል።

«መድን ሐራም አይደለም ወይ?» የሚሉን ወንድሞችም አሉ። ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1978 ዓ.ም የንግድ መድንን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ሱዳን ከዚያም ቀድማ፣ እ.ኤ.አ በ1979፣ እስላማዊ የመድን ኩባንያ ከፍታ ነበር። በሀገራችንም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ በ2020 ለተካፉል መመሪያ አውጥቷል። በሳዑዲ የመድን ሥራ በሕግ የኅብረት መድን መልክ የያዘ ነው። ዝርዝሩን ዓሊሞቻችንን መጠየቅ ይበጃል።

በሐጅ ጊዜ ሳዑዲ ሐጃጆችን በነጻ ታክማለች። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም (1445 ሂጅራ) ሐጅ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሳዑዲ መንግሥት እንዳስታወቀው ከሟቾቹ 83 በመቶዎቹ ያልተመዘገቡ ነበሩ፤ ጥላና ማረፊያ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ። በእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ተመዝግቦ መሄድና ዋጋ ቀነሰልኝ ብሎ በጉብኝት ቪዛ ሾልኮ መሄድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወላጆች ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ የሕክምና መድን ይጠየቃሉ፤ እሱን እዚሁ ሀገር ካሉ መድን ድርጅቶች መግዛት ይቻላል። ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ የምትሄድ እህታችን ደግሞ የራሷ መብት አላት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 አሠሪው የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን እንዲገባላት ያስገድዳል። በደላላ፣ በበረሃና በባሕር የሄደችው ግን ይህ ወረቀት የላትም። እናትና አባት ልጃቸው ከመሄዷ በፊት ውሉን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አስነብበው የመድኑን ቁጥር በቤት ደብተር ላይ ይጻፉት፤ ቅጂውም ቤት ይቅር።