የመስቀል ወፍ ጥር ላይ የት ናት?

የመስቀል ወፍን ስም ያልሰማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በዓመት አንዴ፣ አደይ አበባ ሲፈካ ብቅ ብላ፣ ወቅቱ ሲያልፍ የምትጠፋ ወፍ ናት ይባላል። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የከረመ ዘመድም ቤት ሲመጣ “አንተማ የመስቀል ወፍ ሆንክ!” ተብሎ ይወቀሳል። እስቲ ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ወፏ ስትጠፋ የምትሄደው የት ነው? ጥር ላይ የት ናት?

መልሱን ለማግኘት ጫካ መግባት ወይም ውድ መነጽር መግዛት አያስፈልጋችሁም። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ በየቀኑ የምትመላለሱበት መንገድ ይበቃል። አንድን መንገድ ዓመቱን ሙሉ እያዩ መሄድ ግን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ “የመስቀል ወፍ” የምንላት ማን እንደሆነች እንወቅ። ሰዎችን “አሳዩኝ” ብትሉ ሁሉም አንድ ወፍ ላያሳዩአችሁ ይችላሉ። አንዱ ጥቁርና ነጭ የሆነችውን፣ ከገላዋ የረዘመ ጅራት እያውለበለበች የምትበረውን ትንሽ ወፍ ይጠቁማችኋል። ሌላው ደግሞ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ያለበትን ወፍ ያሳያችኋል። የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ስም ቪዱዋ ማክሮዩራ፣ የሁለተኛው ዩፕሌክተስ ካፔንሲስ ነው። በመልክ ባይገናኙም አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ደምቀው የሚታዩት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም በመራቢያ ወቅታቸው ብቻ።

ባለ ረጅም ጅራቱን እንውሰድ። ገላው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጅራቱ ግን ብቻውን 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ጅራት ይዞ መብረር ድካም ነው፣ ለጠላትም ያጋልጣል። ጥቅሙ አንድ ነው፦ ሴቶቹን መማረክ። ስለዚህ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ረጃጅሞቹ ላባዎች ይረግፋሉ፤ ጥቁርና ነጩም ልብስ ይወልቅና ወንዱ እንደ ሴቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር መስመር ያለበት፣ ለዓይን የማይገባ ወፍ ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት ድንቢጥ ነው።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ ይኸው፤ ጥር ላይ ወፏ የትም አልሄደችም። ምናልባት አጥራችሁ ላይ ከቆሙት ቡናማ ወፎች አንዷ ናት፤ እናንተም “ድንቢጥ ነው” ብላችሁ አልፋችኋታል። ወንዱን የሚያሳብቅበት ምልክት ግን አለ። ልብሱን ቢያወልቅም መንቁሩ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፤ ጭንቅላቱ ላይም ጥቁርና ፈዛዛ ቡናማ መስመሮች ተሰልፈው ይታያሉ። ጅራቱ ገና በማደግ ላይ ያለ ወንድ ካገኛችሁማ ዕድለኞች ናችሁ፤ ግማሽ ልብስ ለብሶ በር የከፈተ ሰው እንደማየት ነው።

ለምን ከዝናቡ ጋር? የነዚህ ወፎች ምግብ በአብዛኛው የሳር ዘር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሳር ያድጋል፣ ዘርም ያፈራል፤ ጫጩት ማሳደግ የሚቻለውም ያኔ ነው። ባለ ረጅም ጅራቷ ወፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉድ አላት፤ ጎጆ የሚባል ነገር አትሠራም። እንቁላሏን የምትጥለው ዋክስቢል በሚባሉ ጥቃቅን ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው። የእሷ ጫጩቶች አፋቸውን ሲከፍቱ የሚታየው ነጠብጣብ የባለቤቶቹን ጫጩቶች አፍ ይመስላል፣ ስለዚህ እናትየው ሳታውቅ ሁሉንም አብራ ትመግባለች። ዋክስቢሎቹ እስኪራቡ ድረስ እሷም ትጠብቃለች ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በእውነት ከሩቅ ስለሚመጣ ወፍ ላውራችሁ። ከመስከረም ጀምሮ የኳስ ሜዳ ዳር፣ ከብት በሚግጥበት ሳር ላይ፣ ቀጠን ያለ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ እየሮጠ ጅራቱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዝ ትንሽ ወፍ ታያላችሁ። የሎ ዋግቴል ይባላል። ክብደቱ 17 ግራም ገደማ ነው፤ ሦስት እርሳስ ያህል ማለት ነው። የተፈለፈለው ግን አውሮፓ ወይም እስያ ነው! እዚያ ብርድ ሲገባ የሚበላቸው ነፍሳት ይጠፋሉ፣ እሱም ወደኛ ይወርዳል፤ ሚያዝያ አካባቢ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል። ሲመጣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ነው። ከመሄዱ በፊት ግን እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ላባውን ይቀይርና ወንዱ ቢጫው ቦግ ይላል። ልብሱን እዚህ ሰፍቶ ሠርጉን እዚያ ይደግሳል ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ስለዚህ “መስከረም ላይ ታየ” የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸፍን ይችላል። አንዱ ወፍ መጣ፤ ሌላው እዚሁ ነበረ፣ ተለወጠ። ሦስተኛም አለ።

አደይ አበባ አትሰደድም፣ ላባም አትቀይርም። አደይ በአንድ ዓመት ውስጥ በቅላ፣ አብባ፣ ዘር ሰጥታ የምትደርቅ ተክል ናት። በጋውን የምታሳልፈው አፈር ውስጥ ነው፣ ዘር ሆና። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ትበቅላለች፤ በደመናው ወራት ግንድና ቅጠሏን ታሳድጋለች፤ ዝናቡ ሲቀንስና ፀሐይ ሲወጣ ታብባለች። ጊዜው አመቺ ነው፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ንቦቹም ዝናብ ሳያግዳቸው መብረር ይችላሉ። በደጋው አገራችን ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያለበሰው ሁሉ አደይ አይደለም። መጭ የሚባለው አረምና ዘይት የሚወጣለት ኑግም ዘመዶቿ ናቸው፤ እነሱም ቢጫ ያብባሉ። አንዷን ቀጥፋችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ። “አንድ አበባ” ያላችሁት በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ምላሶችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው።

እዚህ ላይ “አደይ ወሩን እንዴት አወቀች?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለንደን ያለ ዛፍ ወቅቱን ከቀኑ ርዝመት ማንበብ አይከብደውም፤ የበጋው ረጅም ቀን ከክረምቱ አጭር ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ልዩነቱ 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱም ቢሆን ከወር ወር ብዙ አይራራቅም። በጣም የሚለዋወጠው ውኃው ነው። አዲስ አበባ የዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በኛ አገር ደጋ ትልቁ ሰዓት ውኃ ነው ለማለት የምደፍረው ለዚህ ነው።

ደንቡ ግን ለሁሉም አይሠራም። የጃካራንዳን ዛፍ ታውቁታላችሁ፤ የአዲስ አበባን መንገዶች ሐምራዊ የሚያደርገው እሱ ነው። የሚያብበው በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ፣ ትልቁ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነው። ዝናብ ሳይጠብቅ ውኃውን ከየት አመጣው? ዛፍ እንደ አደይ አይደለም፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ግንዱም ውኃ ይይዛል፣ ቅጠሉን ማራገፉ ደግሞ የሚተነውን ውኃ ይቀንስለታል። በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ያለ አበባ ለነፍሳት ከሩቅ ይታያል። አገር በቀሉ ኮርችም ቀይ አበባውን የሚያወጣው ቅጠሉን ባራገፈ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ሁለት ሩቅ ዘመድ ያልሆኑ ዛፎች አንድ ዘዴ ይዘው አንድ ከተማ ውስጥ ተገናኙ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። መምጣት፣ መለወጥ፣ ከአፈር መውጣት አልን። አራተኛው ምክንያት እናንተ ናችሁ።

አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ብትወጡም አንገታችሁን ደፍታችሁ ጃንጥላ ይዛችሁ፣ ጭቃ እየዘለላችሁ ነው። መስከረም ሲገባ ትምህርት ይከፈታል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ለእንቁጣጣሽና ለደመራ አበባ ፍለጋ ይወጣል። ዓይናችሁ ሲከፈት ወፏን አያችኋት። ታዲያ ወፏ ናት መስከረም ላይ የመጣችው ወይስ እናንተ? እኔም ለዓመታት ባለ ረጅም ጅራቱ ወፍ “መስከረም ላይ ይመጣል” ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ክረምት ነሐሴ ላይ ያለወትሮዬ በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የስልክ ሽቦ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደተቀመጠ አላውቅም። ማወቅም አልችልም፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት አላየሁማ!

ለዚህ ነው ማስታወሻ ደብተር ላይ “አላየሁም” ብሎ መጻፍ “አየሁ” ከማለት እኩል ዋጋ ያለው። መስከረም 15 ቀን የመጀመሪያውን አደይ አያችሁ እንበል። መስከረም 11 ቀን በዚያው መንገድ አልፋችሁ “አደይ የለም” ብላችሁ ጽፋችሁ ከነበረ፣ አበባው የፈነዳው በነዚያ 4 ቀናት ውስጥ ነው ማለት ትችላላችሁ። ከሐምሌ ጀምሮ በዚያ አልፋችሁ ካላወቃችሁ ግን የምታውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስከረም 15 ቀን እዚያ እንደነበረች።

ቦታውንም ጻፉ። ባዶ የነበረው ግቢ ለግንባታ በቆርቆሮ ሲታጠር የዚያ ሜዳ አደይ አብራ ትጠፋለች። በሚቀጥለው ዓመት “ዘንድሮ አደይ የለም፣ የአየር ንብረቱ ተለወጠ” የሚል ሰው አይጠፋም። የአየር ንብረት እየተለወጠ መሆኑ እውነት ነው፤ የዚያች ሜዳ አደይ የጠፋችው ግን በቆርቆሮው ምክንያት ነው። ሁለቱን መለየት የሚችለው ማስታወሻ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

“የአንድ ተማሪ ደብተር ምን ይረባል?” ካላችሁ፣ የጃፓኗን ኪዮቶ ላንሳላችሁ። እዚያ የቼሪ ዛፍ ሙሉ በሙሉ ያበበባቸው ቀናት በፈረንጆች 812 ጀምሮ በጽሑፍ ተመዝግበው ይገኛሉ። የጻፉት መኳንንትና መነኮሳት ነበሩ፤ አበባ ለማየት ሲወጡ ቀኑን በዕለት ማስታወሻቸው አሰፈሩት፣ በቃ። ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ ሳይንቲስቶች እነዚያን ቀናት ሰበሰቧቸው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት 17 ቀን (በፈረንጆች ማርች 26 ቀን 2021) ቼሪው እስከዚያ ዓመት ድረስ በነበረው መዝገብ ሁሉ ውስጥ ከሚታወቀው ቀድሞ ማበቡን ማወቅ የተቻለው በነሱ ማስታወሻ ነው። ተክልና እንስሳት ወቅትን እንዴት እንደሚከተሉ የሚያጠናው ሳይንስ ፊኖሎጂ ይባላል፤ ብዙው ሥራው ቀን መጻፍ ነው።

ለመጀመር አንድ መንገድ ምረጡ፤ አጭር ይሁን፣ በሚቻላችሁ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ሂዱበት። ሃምሳ ነገር ለመከታተል አትሞክሩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቻላችሁ። አንድ ዛፍ፣ አንድ ወፍ፣ አንድ ሜዳ ይበቃል። መንገድ ስትሻገሩ ወደ ላይ አትዩ፤ በክረምት ደግሞ አጥር ሥር እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ሳማ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ።

ቀኑን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት። አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። አደይ አንድ ቀን የዘገየች መስሏችሁ የዘገየው የቀን መቁጠሪያው ሊሆን ይችላል።