መኪናን በገዛ እጅ መጠገን ወይስ ለመካኒክ መስጠት? ጥያቄው ለለንደን አሽከርካሪዎች

በለንደን ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል እንጀራቸው በመሪ ላይ የተመሠረተ ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ስለዚህም ዘይት መቀየሪያው በደረሰ ወይም ፍሬኑ መጮኽ በጀመረ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመለሳል፦ ራሴ ልሥራው ወይስ ለባለሙያ ልስጠው?

ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው በሥራው ክብደትና በዋጋው ነው። ይበልጥ የሚበጀው መለኪያ ግን ሥራው ቢበላሽ ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው። የዝናብ መጥረጊያ፣ የአየር ፊልትሮ ወይም የመብራት አምፖል በስሕተት ቢገጠም ጉዳቱ ወዲያው ይታያል፤ መልሶ ማስተካከልም ይቻላል። የጎማ ምርመራም እንዲሁ የባለቤቱ ሥራ ነው። በብሪታንያ ሕግ የጎማ ጥርስ ጥልቀት በመሃለኛው ሦስት አራተኛ ስፋት ላይ፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የ20 ፔንስ ሳንቲም በጥርሱ መካከል ሲገባ የሳንቲሙ የጠርዝ ክፈፍ ከታየ ጎማው ከወሰኑ በታች ሳይወርድ አልቀረም። ቅጣቱ በእያንዳንዱ ጎማ እስከ 2,500 ፓውንድና 3 ነጥብ ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ርካሽ አይደለችም።

ፍሬን ግን ሌላ ነገር ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውኃ ሲገባበት የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይቀንሳል። አሽከርካሪው ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ ፍሬን ሲይዝ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገርና አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አረፋ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱ ሲቀየር በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ስሕተቱ ከቤት ደጃፍ ሳይሆን ከተሳፋሪ ጋር በመንገድ ላይ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ሙያውን ያልተማረ ሰው ባይነካው ይመረጣል።

በከተማዋ በኪራይ ሥራ በብዛት የሚታየው ቶዮታ ፕሪየስ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ዋና ባትሪ 200 ቮልት ያህል ሲይዝ፣ ኢንቨርተሩ ይህን እስከ 650 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። በቤታችን ግድግዳ ያለው 230 ቮልት ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ይህንን ኃይል የሚያመላልሱ ናቸው፤ መኪናው ከጠፋ በኋላም በኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ኃይል ለደቂቃዎች ሊቆይ ስለሚችል ያልሠለጠነ እጅ ሊነካቸው አይገባም። በአንጻሩ የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ መቀመጫ ጎን ባለው ወንፊት ነው። የተሳፋሪ ሻንጣ ሲጋርደው ወይም አቧራ ሲደፍነው ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ይህን ወንፊት ከፍቶ መያዝና በቫኩም ማጽዳት የማንም መካኒክ ሥራ አይደለም።

ለንደን ሌላም ችግር አላት፤ ይኸውም ቦታ ነው። ብዙዎቻችን መኪናችንን የምናቆመው በአደባባይ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የንጹሕ ሰፈሮችና የአካባቢ ሕግ፣ በክፍያ የሌላን ሰው መኪና በመንገድ ላይ መጠገንን ወንጀል ያደርገዋል፤ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል። የራስን መኪና መጠገን ጎረቤትን እስካላወከ ድረስ አይከለከልም። በመንገድ ላይ የተበላሸ መኪናም በ72 ሰዓት ውስጥ እዚያው ሊጠገን ይችላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ግን በየትኛውም አገር የሞት ወጥመድ ነው፤ ጠንካራ መደገፊያ ማቆም ግድ ይላል። አሮጌውን ዘይት ወደ መንገድ ቦይ ማፍሰስም ወንዝ መበከል ነው።

ለመካኒክ መስጠት ሲወሰንስ? በብሪታንያ «መካኒክ» ለመባል ፈቃድ አያስፈልግም፤ ማንም ጋራዥ ሊከፍት ይችላል። ፈቃድ የሚጠየቀው ኤም ኦ ቲ የተባለውን ዓመታዊ ምርመራ የሚያካሂደው መርማሪ ነው። አንዳንዶች ይህን ምርመራ ያለፈ መኪና ጤነኛ ነው ብለው ይዘናጋሉ። ምርመራው ግን የሞተርን፣ የፍሪሲዮንንና የካምቢዮን ይዞታ አይመለከትም። እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ አለ፤ ካንዴላ፣ ክሪክ፣ ፍሪሲዮን እያልን ያደግንባቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸውና የለንደን የመለዋወጫ ሻጭ አያውቃቸውም። የዕቃውን ስም ከማስረዳት አሮጌውን ይዞ መሄድ ይቀላል።

ሥራውን ለጋራዥ መስጠት አንድ ጥቅም ያስገኛል፤ እ.ኤ.አ. የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ማንኛውም አገልግሎት በተገቢ ጥንቃቄና ክህሎት እንዲሠራ ያስገድዳል። ሥራው ጉድለት ካለበት ደንበኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደገምለት መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን ደረሰኝ መያዝ ይበጃል። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ወረቀት፣ በቅናሽ የተሠራ ፍሬን ሲበላሽ ምን እንደተሠራና ማን እንደሠራው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።